ድልድዩ ሲፈነዳ ያፏጨሁት

ጋሉስ፣ ፍራንክፈርት

ወዳጄ ገሰሰ፣

እሁድ ዕለት የእህቴ ልጅ የሚልካ ጎረቤት፣ አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ፣ ኬክ ጋበዙን። እሷ ኤርፖርት ሥራ ስትገባ ልጇን የሚጠብቁላት እሳቸው ስለሆኑ፣ «ጋሼ፣ አደራዎን ጦርነት እንዳያነሱብኝ!» ብላ አስምላኛለች።

ጦርነቱን ያነሳው ግን ቴሌቪዥኑ ነው። በልጅነታችን ሲኒማ ቤት እየተጋፋን የምናየው ዓይነት የእንግሊዝ ፊልም ጀመረ። ያኔ ጀርመኖቹ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር፤ እዚህ እንግሊዞቹ ሻያቸውን እየጠጡ ጀርመንኛ ያንበለብሉታል። ተኩሱ ግን ያው ነው፤ መቶ ጀርመን ይስታል፣ አንድ እንግሊዝ አይስትም። ድልድዩ ሲፈነዳ እንደ ልማዳችን ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ!

ሚልካ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀምጠው በእሷ አስተርጓሚነት፣ «እኔን እንግሊዞች ማርከውኝ ነበር። እኛም ከአጥሩ ሥር ቆፍረን ልናመልጥ ሞክረናል፤ ፊልም የሚሠራልን ግን አጣን» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

እኔም አርበኛው አባትህ አንድ የእንግሊዝ መኮንን በቅሎ ላይ አስቀምጠው በጎጃም ተራሮች እየመሩ እንዳሻገሩት ነገርኳቸው።

«እሳቸውስ ፊልም ላይ አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እስካሁን አላየሁም። ቢሠራ ግን በቅሎዋ ሳትታይ አትቀርም» አልኳቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለአያልነሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሽማግሌው የሚልካን ልጅ መጠበቁን አልተዉም፤ እንዲያውም ለመጪው እሁድ ፉጨት እንዳስተምራቸው ቴርሚን ሰጥተውኛል። እዚህ አገር ያለ ቀጠሮ አይፏጭም።

ዋሲሁን