የሙቅ ውኃው ጎሚኒ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 2012

ለሉሊት አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? አሌክሳንድሪያ የወንድምህ ቤት ተመቸህ ወይ? ወገብህስ ከሶፋው ጋር እንዴት ሆነ? እኔና ሉሊት ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እርቁ እስኪያልቅ በስልክ እንዳትነጋገሩ ብለው ሽማግሌዎቹ ስለከለከሉን ነው የምጽፍልህ። ደግ አደረጉ። በስልክ ቢሆን እስካሁን ጆሮህ ላይ ዘግቼብህ ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ኃይለመለኮትና እትዬ የዓለምዘርፍ ለሽምግልና መጥተው ምን እንደሆነ ነግረውህ ይሆናል፤ ግን ሁሉንም እንዳልነገሩህ እርግጠኛ ነኝ። ሳሎን ቁጭ አሉና ባልሽ ምን በደለሽ አሉኝ። ሻወሩን አልሠራም አለ አልኳቸው። ጋሽ ኃይለመለኮት ቀልድ መሰላቸውና ዋናውን ንገሪን እንጂ አሉ። ዋናው እሱ ነው አልኩ። ከሁለቱ መክፈቻዎች የሙቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ይንጠባጠባል፤ ነገ እሠራዋለሁ ይላል። ፕላምበር ኮል ላድርግ ስለው ወንድ የሌለበት ቤት ነው ወይ ብሎ ይቆጣል። ራሴ ልሞክር ስል መፍቻውን ከእጄ ይነጥቀኛል። ቁርጡን ንገረኝ ካልኩት ደግሞ መኪናውን አስነስቶ ይወጣል። ታዲያ ይሄ ትዳር ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

እትዬ የዓለምዘርፍ በውኃ ጠብታ ቤት አይፈርስም አሉኝ። ጋሽ ኃይለመለኮትማ ይሄ የደቂቃ ሥራ ነው ብለው፣ ከኩሽናው መሳቢያ መፍቻ አንስተው፣ ከነሱፍ ልብሳቸው ሻወር ቤት ገቡ። ተዉ ብል ማን ይስማኝ። ሁለቱን መክፈቻዎች ጠበቅ አድርገው ስለዘጉ ውኃው የቆመ መሰላቸው። መጀመሪያ ከዋናው መዘጋት እንዳለበት እኔም አላወቅሁ፣ እሳቸውም አላሰቡት። የሙቁን ሲፈቱት ውኃው ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ። ደግነቱ ገና አልሞቀም ነበር። እሳቸው በመዳፋቸው ሊያፍኑት ይታገላሉ፣ እትዬ የዓለምዘርፍ ኮሪደር ላይ ሆነው እመቤቴን ይጠራሉ፣ እኔ ቤዝመንት ወርጄ ዋናውን መዝጊያ ፍለጋ እደናበራለሁ። የት ባገኘው ጥሩ ነው? ባለፈው ክረምት ከምረህ፣ አነሳቸዋለሁ እያልክ ከተውካቸው ካርቶኖች ጀርባ። በእግሬ እየገፋሁ ነው የደረስኩበት።

ጋሽ ኃይለመለኮት ግራጫ ሹራብህን ለብሰው ሄዱ። ይህን ደብዳቤ ይዘውልህ የሚመጡት እሳቸው ናቸውና ሹራብህን ተቀበላቸው። ሲወጡ እንደዚያ በስብሰው እንኳ አልተውኝም፤ የሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መልስሽን እንፈልጋለን፣ ይመለስ ወይ ይቅር በይን አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይቅር፣ አይመለስ ልል ቆርጬ ነበር።

እነሱ ሲሄዱ ቤቱ ውኃ የለው፣ ልጅቷ በምን ትታጠብ? ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ ዩቲዩብ አየሁና፣ ጋሽ ኃይለመለኮት የፈቱትን የመክፈቻውን ዘንግ በፌስታል ይዤ ሃርድዌር ስቶር ሄድኩ። ሻጩ አገላብጦ አየውና ጫፉ ላይ ያለው ውኃ የሚያፍነው የላስቲክ ጎሚኒ የፋብሪካ አይደለም፣ ማን ነው የሠራው አለኝ። ተቀብዬ ሳየው ሰማያዊ ነው። በቢላ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ዙሪያውን በነጭ የቧንቧ ቴፕ የተጠቀለለ። ያ ሰማያዊ ነጠላ ጫማህ ትዝ አለኝ። ተረከዙ ተቦርቡሮ አግኝቼው አይጥ በልቶት ነው ብለኸኝ፣ ቤቱን ሙሉ ወጥመድ ያስደረደርከኝ፣ አይጥ ያለበት ቤት አስገዛኸኝ ብዬ ሳምንት ያኮረፍኩበት።

ሞክረኸው ነበር ማለት ነው። እኔ ሥራ በሄድኩበት ተደብቀህ ሞክረህ፣ አልሆን ሲልህ ደፍነህ መልሰህ፣ አልቻልኩም ከምትል ሁለት ዓመት ነገ ነገ ስትለኝ ኖርክ። አንዲት ቃል ከመተንፈስ የሰው ሶፋ ይሻለኛል ብለህ ወጣህ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነው የምጽፈው። ደህና ሰው አይጥ ነው ይላል እንዴ?

የሙቁን በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ፣ ቀጥ ብሏል። አሁን ደግሞ የቀዝቃዛው ጀምሮታል። ለእሱም የሚሆን ጎሚኒ ገዝቼ የሻወር ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጫለሁ፤ እኔ ግን አልነካውም። ካርቶኖቹን ከዋናው መዝጊያ ፊት አንስቻለሁ። የሚሠራው ሰው መጀመሪያ ቤዝመንት ወርዶ ይዝጋ። ካቃተው አቃተኝ ይበል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ካቻቢቴውን አቀብለዋለሁ።

ወንድምህንና ሚስቱን ሰላም በልልኝ። ወገብህን ድንግል ትማርልህ፣ ከሶፋም ታውጣህ። ለሽማግሌዎቹ የምሰጠውን መልስ ከእነሱ አስቀድሜ ለአንተ መንገር ነውር ነው። እሁድ ወደ ቅዳሴ ስትመጣ ግን የመሣሪያ ሳጥንህ መኪናው ውስጥ ይሁን።

ባለቤትህ