ስልኩን ያላነሳሁበት እሁድ

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ የወጣህበትም ይቅናህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

ባለፈው እሁድ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለህ ሳላነሳ ብቀር፣ ክፉ ያገኘኝ መስሎህ ጎረቤታችንን ነርሷን ልከህ በሬን አስደበደብክ አሉ። ላስደነገጥኩህ ይቅር በለኝ። የአረጋውያን ማዕከሉ በአውቶቡስ ሐይቅ ወስዶን ነበር። ስልኩን ውኃ እንዳይገባብኝ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼው ሄድኩ። ከዚህ በፊት ሁለቴ ሲሄዱ የአንተ ስልክ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቀርቻለሁ። አሁን ግን አብሮን የሚውለው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ነገም ይደውላል፤ አውቶቡሱ ግን ነገ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ጀልባ ላይ ወጣሁልህ። ፈርቼ የሰውየውን ኮት ጨምድጄ ይዤ ኖሮ፣ ስወርድ አዝራሩ እጄ ላይ ቀረ። «የነቀሉትን ይትከሉ» ብሎ ሐሙስ ዕለት ማዕከሉ ውስጥ በራሱ መርፌ አሰፋኝ። ስፌቴ አልጥም ብሎት ሁለቴ አስፈታኝ፣ የማይረባ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

አንተ ግን ከሥራ ውጭ የምታወራው ሰው አለህ? ቤትህን ዘግተህ አትዋል።

በል ልጄ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። አንድ ነገር ልለምንህ፦ ከእንግዲህ እሁድ ጠዋት አትደውል፣ ቤት የለሁም። አመሻሽ ላይ ደውልልኝ። ድሮ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትለኝ «ምንም» እልህ ነበር። እስቲ አሁን ጠይቀኝ።

እናትህ