ያልተሞላችው ቅጠል

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤ እንደምን ከረምሽልን? እኛማ ደስታችንን ቤቱ አልቻለውም!

የእማዬ ጥልፍ በውድድሩ አንደኛ ወጣ። ዳኛዋ «ሐረጉ ላይ አንዷ ቅጠል አልተሞላችም፤ ጉድለት ነው» ስትላት፣ እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከአያቴ ጀምሮ እኛ ቤት ቅጠል ማለት ልጅ ነው። የራቀ ልጅ ቅጠሉ የሚሞላው ሲመለስ ነው!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

አሁን መርፌው ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፤ አረንጓዴው የቱ እንደሆነም እነግራታለሁ። ያንቺን ቅጠል ግን «በገዛ እጄ ነው የምጠልፋት» ብላለች፤ እባክሽ ብዙ አትቆዪ። ፎቶም ለመላክ አትድከሚ፣ ድምፅሽን ቅጂላት።

ዋንጫውን በጣቷ እየዳሰሰች «ያበራል አይደል?» ትለኛለች።

«እንዴት አያበራም!» እላታለሁ።

ናፍቆቷን ጠቅልላ የላከችልሽ
ታላቅ እህትሽ