ሰብልዬ፣ እህትሽ ኮከቦችሽን ልትከተል ነው

ሹፈቴን ችለሽ የኖርሽ የእህቴ ልጅ፣

ከተለየሽን ዓመት አልፎ ክረምቱ ዳግመኛ ገባ። እኔ አሁንም አዘዞ ባለችው ሱቄ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሰፈሩ አንቺን ኮከብ ቆጣሪ ነበረች ብሎ እንዳመነ ነው። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ልጇን ልትድር ስለሆነ የሙሽራውን ኮከብ እንድታዪላት ፈልጋ ሱቄ መጣች። ማረፍሽን ስነግራት «ታዲያ ምነው የራሷን አላየች?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ለአንቺ እየነገርኩ ስስቅ እውል ነበር።

አንቺ የምታጠኚያቸው ገና በመወለድ ላይ ያሉ፣ በአቧራ ተጀቡነው ድንገት የሚገነፍሉ ኮከቦች ነበሩ። ብልጭታቸውን አቧራው ይጋርደዋል፣ አቧራው ግን ይሞቃል፤ እኛ የምናነበው ያንን ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃን ነው ትይኝ ነበር። አልገባኝም ብዬ ሳሾፍብሽ ጓሮ ወስደሽ ዓይኔን በእናትሽ ነጠላ ሸፈንሽና የተዳፈነውን ረመጥ በመዳፌ አስፈለግሽኝ። አገኘሁት። ያ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲበተን ደግሞ በኮከቡ ዙሪያ ያለው ጋዝ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሞቀ ይናገራል አልሽኝ። ብርሃኑን የለቀመው መሣሪያ ጠፈር ላይ ማቀዝቀዣ ፈሳሹ አልቆ ከታወረ ቆይቷል፤ አንቺ የምትሠሪው ትቶት በሄደው መረጃ ነበር።

አሁን ያንቺን ጅምር ታናሽ እህትሽ ትዕግሥት ልትጨርሰው ትፈልጋለች። ሩቅ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታለች። እናትሽ ግን «አንዷን ኮከብ በላብኝ፤ ሁለተኛዋን አልሰጥም» ብላ ከለከለቻት። የወሰደሽ ሕመም እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯታል፤ አትሰማም። ትዕግሥትም ያለ እናቷ ምርቃት ከደጅ አልወጣም አለች።

ትናንት እናትሽ ፀዳ ወዳለው ቤቷ ጠራችኝ። «አያ፣ አንተ ብትሆን ትልካታለህ?» አለችኝ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እፈራለሁ፣ ግን እልካታለሁ አልኳት። ተነሥታ ጅምርሽ ያለበትን ኮምፒውተርሽን ከሣጥን አውጥታ ትዕግሥት ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ምርቃቱን ጀመረች። «እንደ እህትሽ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ትዕግሥት ጎንበስ እንዳለች ጠበቀች። እናትሽ አልጨረሰችውም። «ብቻ ተመለሺልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ሐሙስ ትሄዳለች። እናትሽ ብቻዋን ልትቀር ነው፤ ስምሽን ለመጥራት ገና አቅም የላትም። እሷ እስክትችል ድረስ በየእሑዱ ቤቷ እየሄድኩ እኔ እጠራዋለሁ።

አጎትሽ