የመምህርት ሠርክአዲስ ወንዳወቅ ዕረፍት እና እጃቸው ያልተፈተነ አሥራ ሰባት ተማሪዎች

ላህ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ፍኖተ ሰላም
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአዋላጅነት ትምህርት ክፍል ባልደረባችንን መምህርት ሠርክአዲስ ወንዳወቅን በሞት አጥተናል። ሰኔ 3 ቀን ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲጓዙ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ዝናብ ባበላሸው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ሕይወታቸው አልፏል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ፍርሃትም እንዳደረብን ለሠራተኞቻችን፣ ለተማሪዎቻችንና ለአካባቢው ሕዝብ ሳንሸሽግ እንገልጻለን።

መምህርት ሠርክአዲስ ሊበን ተወልደው አደጉ። ዱርቤቴ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ለዓመታት በአዋላጅነት ካገለገሉ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ኮሌጃችንን ተቀላቀሉ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ፣ ኮሌጁ የተግባር ትምህርቶችን ወደ በይነ መረብ አዛወረ። መምህርቷ የገዛ እጃቸውን እየቀረጹ የማዋለድ ትምህርት በቪዲዮ አዘጋጁ።

በ2016 ዓ.ም. በጸጥታ ችግር ተማሪዎች ወደ ግቢ መምጣት ሲሳናቸውና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ቪዲዮዎቹን በሚሞሪ ካርድ እየጫኑ በሚኒባስ ይልኩ ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገ ስብሰባ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «ቪዲዮው እጄን ያሳያል እንጂ እጄ የሚሰማውን አያሳይም። ልጆቹ ያዩትን ሁሉ የቻሉት ይመስላቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።» ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ለዚህ ተጠያቂው የኮሌጁ አመራር ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአራተኛ ዓመት ተማሪ ታንጉት፣ ከሽንዲ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ተመድባ ሳለ፣ የወለደች እናት ደም አልቆም አላት። ነባሯ አዋላጅ ሌላ ታካሚ ይዛ ሪፈር ሄዳ ነበር። ተማሪዋ ለመምህርቷ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ስላደረጉት፣ በመምህራን ክፍል ውስጥ የነበርን ሁሉ ሰምተናል።

«መምህር፣ ቪዲዮውን ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። እጄን የት እንደማሳርፍ ግን ጠፋኝ።»

«ቪዲዮውን ተዪው። ከእምብርቷ በታች ጫን አድርጊ። ጠንካራ ነው ለስላሳ?»

«ለስላሳ።»

«ማህፀኗ ነው። በእጅሽ እሺው። እስኪጠነክር እንዳታቆሚ፤ እኔም ስልኩን አልዘጋም።»

እናቲቱ ተረፈች። መምህርት ሠርክአዲስ ግን ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ለባልደረባቸው ለመምህር እጅጉ «ዛሬ ኔትወርክ ነበረ» አሏቸው፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከየካቲት ጀምሮ የማዋለድ መለማመጃ የሆነውን የሰው አካል ሞዴል በጆንያ ጠቅልለው፣ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ወደ ተማሪዎቹ ሄዱ። ከአርባ አራቱ ተመራቂዎች ሃያ ሰባቱን በዱርቤቴና በቡሬ እጅ በእጅ አሠልጥነው ፈተኑ። በሽንዲ ዙሪያ የተመደቡት አሥራ ሰባቱ ቀርተው ነበር። መምህርቷ ያረፉት ወደ እነርሱ ሲሄዱ ነው።

በስክሪን ብቻ ተምረው ያስመረቅናቸው የቀደሙ ተማሪዎቻችን ዛሬ በየገጠሩ ያዋልዳሉ። ስንቶቹ እንደ ታንጉት የሚደውሉለት ሰው እንዳጡ አናውቅም። ይህ ያስፈራናል። ስለዚህ የኮሌጁ ሴኔት ትናንት ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ አሥራ ሰባቱ ተማሪዎች በአካል ሳይፈተኑ እንዳይመረቁ፣ የቀደሙትም ተጠርተው ዳግም እንዲሠለጥኑ ወስኗል። መምህር እጅጉ ሥልጠናውን ለመምራት ፈቃደኛ ሆነዋል። ከአሥራ ሰባቱ አንዷ የሆነችውና ለቀብሩ የመጣችው ታንጉትም አብራ ለመሄድ ጠይቃለች። የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው፤ ፈርተን እንሸኛቸዋለን።

ለባለቤታቸው ለአቶ ክንፈሚካኤል፣ ለልጃቸው ለውዳሴ፣ ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን። ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ሥልጠናው ሰኞ ጠዋት ሽንዲ ይጀመራል።