ዳይኪሪ የመንደር ስም ነው

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 1፡20

ሚኒባስ ውስጥ። ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከዚያ ወሎ ሰፈር። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍሽ፣ ደብተሬ። ፊደሌ ቢወላገድ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጸሎት ላይ ያለሁ መስሏት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰብስባለች። የማነበንበው ግን ሌላ ነው። ሁለት እጅ ሩም፣ አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ እጅ የማይሞላ የስኳር ሽሮፕ። ዳይኪሪ።

ያው ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡00

ኮሌጁ በር ላይ ተቀምጫለሁ። በ44 ዓመቴ የባር ሥራ ተማሪ ነኝ፤ እስካሁን ሳልነግርሽ ቀርቼ። ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ለኔ የሚቀርበው ልጅ 25 ዓመቱ ነው። ሁሉም «ማዘር» ይሉኛል። ይበሉ።

የምንለማመደው በሐሰተኛ መጠጥ ነው። ሻይ ውስኪ ነው፤ ውሃ ጂን ነው፤ ከርከዴ ደግሞ ቀዩ የጣልያን መራራ መጠጥ ነው። መ/ር ሽኩር፣ አሠልጣኛችን፣ ትንሿን የብረት ኩባያ አንስቶ ስሟን ጠየቀን። ልጆቹ ባንድ አፍ ጂገር አሉ። እኔ መለኪያ አልኩ። ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወ/ሮ ጥሩነሽ ያሉት ነው ትክክለኛ ስሟ፣ ጻፉት አላቸው። ጻፉት።

ዛሬ የዳይኪሪን አመጣጥ ተማርን። ኩባ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር መንደር ናት፤ ብረት የሚወጣባት። የማዕድኑ መሐንዲስ እንግዳ መጣበት፤ ጂን አልቆበታል። የአገሩን ሩም በሎሚና በስኳር አቅርቦ ተገላገለ። የመንደሯ ስም የመጠጡ ስም ሆኖ ቀረ ይባላል። ደስ አለኝ። እንግዳ መጥቶብኝ ነገር ያለቀብኝ ስንት ጊዜ ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከሰዓት 9፡00

ስሚኝ። ዛሬ ያደረግሁትን ስሚኝ።

መ/ር ሽ. እውነተኛ መጠጥ አመጣ። ስድስት ብርጭቆ፣ ስማቸው በወረቀት ተሸፍኖ። በአፍንጫ ብቻ ለዩ አለን። ልጆቹ ሁለት አገኙ፣ ሦስት አገኙ። የእኔ ተራ ደረሰ። ጂን። ሩም። ቴኪላ፣ የተቃጠለ ቅጠል ይሸታል። ብራንዲ። ቮድካ፣ እሱም ሽታ የለውም የሚሉት ሽታውን ስለማያውቁት ነው። ስድስተኛው ላይ ቆምኩ። ውስኪ ነው፤ ግን ውሃ ገብቶበታል አልኩ።

መ/ር ሽ. ወረቀቱን ገለጠ። ውስኪ። ውሃውን የጨመረው ራሱ ነው፤ ስንት ተማሪ ሲያስተምር አንድም ሰው አልያዘበትም። እንዴት አወቁ ብሎ ጠየቀኝ።

አረቄ አወጣ ነበር አልኩ። 19 ዓመት። እርሻችን ለኮንዶሚኒየም ሳይሄድ፣ እኔም አራተኛ ፎቅ ሳልወጣ በፊት። አራተኛ ፎቅ ላይ እሳት አንድዶ አረቄ ማውጣት አይቻልም፤ ጎረቤት በጢስ ያልቃል። ነጋዴ ውሃ ጨምሮ ሸጦ ስሜን እንዳያጠፋው ጀሪካኑን ከፍቼ አሸት ነበር።

እሱም የራሱን ነገረኝ። የስልጤ ሰው ነው፤ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም፤ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። ሁሉንም በአፍንጫና በመለኪያ ነው የተማረው። እርስዎ ከኔ ይሻላሉ አለኝ። በሰው ፊት። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ፈገግታዬ አልሰበሰብ ብሎኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። 8፡00

ከምንመደብበት ሆቴል አንዲት ወጣት መጣች። የሰው ኃይል ክፍል። ዝርዝሩን ይዛ እየዞረች አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ እናታችንን ላውንደሪ ብናደርጋቸው ይሻላል፣ ባር ላይ መቆም ይከብዳቸዋል አለች። በጣም በአክብሮት። የሚያናድደው እሱ ነው፤ ብትሰድበኝ መልሱ በቀለለኝ።

ላውንደሪ ነውር አይደለም። ግን አልተማርኩትም። እዚህ ድረስ በሦስት ታክሲ የምመጣው አንሶላ ለማጠፍ አይደለም።

ተነሣሁ። «ልጄ፣ እኔ እሳት ፊት ቆሜ ነው ያረጀሁት። ቀዝቃዛ ባር ውስጥ መቆም አያቅተኝም። ፈትኑኝና ከወደቅሁ አንሶላውን አጥፋለሁ።»

መ/ር ሽ. ይፈተኑ አለ። ተስማሙ። ኅዳር 25፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ በዕጣ በሚደርሰን መጠጥ። ስድስት ተፈታኝ፣ ሁለት ቦታ።

ምን አስቀባጠረኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል። ጠዋት 4፡00

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ከለሊሴ ጋር ተጣልተናል። ልጄ፤ 21 ዓመቷ፣ የፋርማሲ ተማሪ። ጓደኛዋ ደጃፍ ላይ አግኝታኝ የምግብ ዝግጅት ትምህርቱ እንዴት ነው አለችኝ። ምን የምግብ ዝግጅት?

ለሊሴ ነች እንደዚያ ያለቻት። ጠየቅኋት። ትምህርት ቤት እያለች የአረቄ ልጅ ይሏት እንደነበር ነገረችኝ። ዛሬ ነው የሰማሁት። ልብሷ ጢስ ጢስ እየሸተተ ብቻዋን ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። አሁን ደግሞ ባር። «እማዬ፣ ትንሽ እንኳ ልረፍ» አለችኝ።

በዚያ አረቄ ነው የተማርሽው ልላት ነበር፤ ተውኩት። እሱን ታውቀዋለች። እኔ ስለማላውቀው ነው መጨነቅ የነበረብኝ።

11፡00

ዘግይታ ወደ ወጥ ቤት መጣች። ደብተሬን ገለበጠች፤ አንቺን አይደለም፣ የትምህርቱን። ጂንና ቶኒክ የሚለው ላይ ቆመች። ሕንድ አገር ለነበሩ ወታደሮች ለወባ የተሰጠ ኪኒን፣ መራራነቱን ለመሸፈን በስኳር፣ በውሃና በጂን የተዋጠ። ይህንን ከየት አመጣሽው አለችኝ። ኪኒኑ ከዛፍ ልጥ እንደሚወጣ እሷ ጨመረችልኝ። የኛ ትምህርት ነው እኮ አለች።

ቀጥዬ የሲንጋፖሩን ነገርኳት። ሴት ልጅ በሰው ፊት መጠጣት ነውር በነበረበት ዘመን፣ አንድ የሆቴል ባር ሠራተኛ ጭማቂ የሚመስል ሮዝ መጠጥ ሠራላቸው ይባላል። ለሊሴ ሳቀች። አክስቶቼ አረቄያቸውን በቡና ሲኒ ይጠጡ እንደነበር አስታወሰችኝ። እሷም ታስታውሳለች ማለት ነው።

ይቅርታ አልተባባልንም። የጎምዛዛን የእንግሊዝኛ አጠራር ግን አረመችልኝ። ሳወር። ሳወር። ሳወር።

ኅዳር 14፣ እሑድ። 10፡00

አዳዳ ጋ ሄድኩ። የአባቴ እህት፤ ሁለት ብሎክ አልፋ ነው የምትኖረው፣ ምድር ቤት። አረቄ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል፤ የኩባን መሐንዲስ አውቄ የራሴን አላውቅም። እርስዎን ማን አስተማረዎ ብዬ ጠየቅኋት። በኦሮምኛ ነው የምናወራው፤ ላንቺ እተረጉመዋለሁ።

አማቷ ናት። አማቷን ደግሞ ከመንዝ የመጣች አንዲት እንግዳ። ክረምት ነው፤ ወንዝ ሞልቶባት እነሱ ቤት ከረመች። ባዶ እጇን መክረም አሳፍሯት፣ የምታውቀውን አስተማረቻቸው። ስሟን አዳዳ አታውቅም። ስትሄድ እያለቀሱ ሸኟት።

ይኸው፣ የእኛም አመጣጥ አለው። ወንዝና እንግዳ አለበት። አዳዳ ይህን ማን ይጠይቃል ብላ ነበር፤ ስጽፈው ስታይ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ። ጌሾው ከየት እንደሚመጣ ሳይቀር።

መንደራችን ፈርሷል። ስሙን የሚጠራው የታክሲ ረዳት ብቻ ነው፤ እሱም አሳጥሮ። የዳይኪሪ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ። 8፡30

የነቢያት ጾም ገብቷል። ችግርም ገብቷል። ለፈተና ከተዘረዘሩት ውስጥ ውስኪ ሳወር አለበት። ውስኪ፣ ሎሚ፣ ሽሮፕ፣ ከዚያ የእንቁላል ነጭ። አረፋው ከእንቁላሉ ነው የሚመጣው። ውስኪ ጾም አያስገድፍም፣ እንቁላል ያስገድፋል። እሱ ቢደርሰኝ እንዴት ልቀምስ ነው? ሳልቀምስስ እንዴት ለሰው እሰጣለሁ?

መ/ር ሽኩርን ጠየቅሁ። «ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ እርስዎ አርባ ሦስት ቀን ነው የሚጾሙት። እኔ ሃያ ዓመት ጾሜያለሁ።» ሳቅን። ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረኝ። እንቁላሉ አረፋ ነው እንጂ ጣዕሙን አይሠራም። ጣዕሙ ተስተካክሎ የሚያልቀው ከእሱ በፊት ነው።

ይህንን በጥቁር እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ። 12፡00

አልፏል። እጄ አሁንም ሎሚ ሎሚ ይላል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

9፡30። የሆቴሉ ባር። መስተዋቱ ውስጥ ራሴን አየሁ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሽርጥ። ማን ናት ይህቺ አልኩ። ፈታኙ የመጠጥ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ጸጉሩ ገብስማ፣ ፊቱ የማይነበብ። ከእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ያስቀምጣል፤ ይጽፋል።

ዕጣ አወጣሁ። ውስኪ ሳወር። እግዜር ሲቀልድ እንደዚህ ነው።

ከፊቴ ሁለት ልጆች ሠሩ። እጃቸው ፈጣን፣ ልኩም ልክ። ሁለቱም መጠጥ ውስጥ ሎሚ አለ። ኃላፊው ሁለቱንም ሲጎነጭ በግራ ዓይኑ ጠቀስ አደረገ። ትንሽ። ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የአረቄ ደንበኛ ፊት ስታነቢ ስትኖሪ ትለምጂዋለሽ።

ሎሚው ነው አልኩ በልቤ። አንስቼ ጨመቅሁት፤ ደረቅ፣ ልጡ ወፍራም። 9 ሰዓት አልፏል፣ ጾሜን ፈትቻለሁ፤ በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩት። አፍ ይቆርጣል። ከተማርንበት ሎሚ በእጥፍ ይከራል።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ልክ ልከተል ወይስ አፌን? ልኩን ብስት ፈታኙ ከነጥቤ ይቀንሳል። ልኩን ብይዝ መጠጡ ይበላሻል። ሎሚውን አሳነስኩ። ውስኪውን ጨመርኩ፤ ሽሮፑን ከልኩ አሳልፌ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ቀመስኩ። ጥቂት ሽሮፕ ደገምኩ። ቀመስኩ። ልክ መጣ። እንቁላሉን ያን ጊዜ ብቻ ለይቼ ጨመርኩ። መጀመሪያ ያለ በረዶ ነቀነቅሁ፣ ቀጥሎ ከነበረዶው። ከዚያ በኋላ ከንፈሬ አልደረሰም። ስቀዳው አረፋው እንደ ጥጥ ቆመ።

አመጣጡን ተናገሪ ተባልኩ። እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ። ሁሉም። ሳወር እንኳ። በአማርኛ ይቻላል ወይ አልኩ፤ ኃላፊው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ስለ መርከበኞች ነገርኩት። ወራት ባሕር ላይ፣ አትክልት የለ፣ ፍራፍሬ የለ። ድዳቸው ይደማል፣ ጥርሳቸው ይወልቃል። መድኃኒቱ ሎሚ ነበር። ሎሚው ብቻውን አልዋጥ ሲላቸው ከሚጠጡት ጋር ቀላቀሉት፤ ስኳር ጨመሩበት። ወደብ ሲወርዱ ልማዱን ይዘው ወረዱ ይባላል። ስለዚህ ጌታዬ፣ ይህ መጠጥ መጀመሪያ የታመመ ሰው ነበር የጠጣው አልኩ።

ኃላፊው ተጎነጨ። ዓይኑን አልጠቀሰም። ልኩን ቀይረሻል አለኝ። አዎ፣ የዛሬው ሎሚ ይከራል አልኩ። አንዱን ሎሚ አንስቶ ራሱ ቀመሰ። የጻፈው ነገር የለም።

ብርጭቆውን ግን አላስቀመጠውም። የሚቀጥለው ልጅ እስኪዘጋጅ ድረስ ቀስ እያለ ጨረሰው።

ያንን ባዶ ብርጭቆ አየሁት። ወደቅሁም አለፍኩም ያንን አይቻለሁ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ። 11፡00

ተደወለ። ያቺው የላውንደሪዋ ልጅ ናት። ባር፤ የቀን ፈረቃ። ካልተመቸዎት ላውንደሪም ቦታ አለ አለችኝ፤ አሁንም በአክብሮት። አመሰገንኳት። ባር አልኩ።

መ/ር ሽኩር ጋ ደወልኩ። ተማሪዬ ናቸው እላለሁ አለ። እላለሁ ነው ያለው። ለማን እንደሚል አልጠየቅሁም።

ለአዳዳ ነገርኳት። ያቺ የመንዟ ሴት ብትሰማ አለች።

አሁን ቅጥር ፎርም እየሞላን ነው። ለሊሴ በስልኳ ትሞላለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ እጽፍሻለሁ። ስም ሞላች። ዕድሜ። ስልክ። የቀድሞ የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ። አየችኝ። ባዶ መተው ይቻላል አለች፤ ግዴታ አይደለም።

«ጻፊው» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«አረቄ አውጪ።»

የመጠጥ ዝግጅት ብንለውስ አለች፤ ያምራል። አያምርም አልኩ። መሐንዲሱም፣ መርከበኛውም፣ ሁሉም በሥራቸው ስም ነው የተጻፉት። እኔም በሥራዬ ስም።

ጻፈችው። አረቄ አውጪ። ቀጥሎ ስንት ዓመት የሚል ቦታ አለ። እየቆጠርኩ ልነግራት አፌን ስከፍት ልጄ ሳትጠይቀኝ አሥራ ዘጠኝ ብላ ሞላችው።

ላኪው አልኳት። ላከችው።