ያልተዘጋው ጉባኤ

ግሌንኬርን ኮሌጅ፣ ኦሃዮ
ማርች 27 ቀን 1888

እህት ዓለም፣

ሰላምታዬ ከፍቅርና ከአክብሮት ጋር ካለሽበት ይድረስሽ። ክረምቱን እንደምን አለፍሽው? የደረትሽ ሕመምስ ታገሠሽ ወይ? በጃንዋሪ የወረደው ውሽንፍር በእናንተ በአዮዋ ብዙ ከብት እንደፈጀ ጋዜጣ ላይ ሳነብ ያንቺ በረት ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ተጨንቄ ነበር። እኔ በጤና አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ለስልሳ አንድ ዓመት ሰው የሚያሳፍር አይደለም። ኮሌጁም ደኅና ነው፤ ዘጠና አራት ተማሪዎች፣ አራት መምህራንና ከሙቀቱ ጭሱ የሚበዛ አንድ ምድጃ አለን።

ከጻፍሽልኝ ዓመት አለፈ። አልወቅስሽም። የመጨረሻው ደብዳቤሽ አንዲት መስመር ነበረች፤ «የላክኸው ልጄ ደርሷል» ትላለች። ለዚያች መስመር የሚሆን መልስ ሳወጣና ሳወርድ ዓመቱ እንደዋዛ አለቀ። ዛሬ ግን የምነግርሽ አግኝቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

አቤኔዘር ለምን እንደተባረረ እንዳልነገረሽ እገምታለሁ። ለእኛም አልነገረንም፤ የተባረረውም በዚሁ ነው። እንደምታውቂው እዚህ ዘወትር ሰኞ ጠዋት በጸሎት ቤታችን የስም ጥሪ አለ። የጉባኤው ጸሐፊ ፕሮፌሰር ዲንዊዲ ስም ሲጠሩ ተማሪው ይነሣና ሰንበትን ቤተ ክርስቲያን መዋሉን ወይም መቅረቱን በገዛ አንደበቱ ይናገራል። የቀረም ቢኖር ምክንያቱን ያስረዳል። በማንም ላይ ሰላይ አናቆምም፤ እምነታችን በተማሪው ቃል ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ማርች አጋማሽ ላይ ልጅሽ ተነሥቶ «ቀርቻለሁ» አለ። ካፖርቱ ጭስና ስኳር ይሸት ነበር።

የዚያን ሰንበት ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከወንዙ ማዶ፣ ከስኳር ዛፎቹ ጫካ ጭስ ሲነሣ አይተው ነበር። ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ፀሐይ ሲሆን ዛፉ ሰንበት ነው ብሎ ጣፋጭ ውሃውን ማፍሰሱን አያቆምም። የእኛ ሰዎች ግን ያን ውሃ ሽሮፕ እስኪሆን የሚቀቅሉበትን እሳት ቅዳሜ ማታ ያጠፋሉ፤ በሰንበት ባልዲው ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል፤ «ፈሰሰብን እንጂ አልቀቀልንም» ማለት እዚህ አገር ኩራት ነው። ታዲያ ፕሮፌሰር ዲንዊዲ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማንን ነው የቀቀልከው?» አሉት።

«የቀቀልኩት እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ማን ቀቀለ አላልኩህም! የማንን ነው ያልኩህ!»

«የዛፎቹን ነዋ ጌታዬ» ቢል ዘጠናው ተማሪ በሳቅ አግዳሚውን አናወጠው። እኔም ፊቴን በመዝሙር መጽሐፉ ሸፈንኩ፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሬ ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ የመምህራን ጉባኤ ፊት ቀረበ፤ አሁንም ስም አልጠራም። የመቀቀያውን ዳስ ስድስት ቤተሰቦች ይጋሩታል። አምስቱን ጠየቅን፤ አምስቱም ማሉ። ስድስተኛውን ልጠይቅ ያለ አልነበረም፤ የፕሮፌሰር ጌድዮን ስፕራውል ቤት ነዋ! ፕሮፌሰር ስፕራውል የሒሳብ መምህራችንና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ገና አንድ ወር ሳይሞላ አንድ ጎረቤታቸውን በሰንበት ቀቅለሃል ብለው ከጌታ ማዕድ አሳግደዋል። በዚያች ሰንበት ደግሞ አገልጋይ ወደሌለው አጥቢያ ሄደው ሲሰብኩ ነበር።

ደንባችን ለጉባኤ ምላሽ የነፈገ ተማሪ ሊሰናበት ይችላል ይላል፤ አንዴ የተሰናበተም አይመለስም፤ የመልካም ጠባይ ወረቀት ስለማይሰጠው ሌላ ኮሌጅም አይቀበለውም። ዲግሪውን ለመያዝ ሦስት ወር ነበር የቀረው። የግሪክኛው መምህር ፕሮፌሰር ማክሊን፣ «ይህ ልጅ የራሱን ነውር አይደለም የሚደብቀው፤ የሰው ገመና ነው የሚሸፍነው። አንድ ወር ብንታገሥ ሰማይ ይወድቅብናል?» አሉ። ፕሮፌሰር ስፕራውል ጠረጴዛውን መትተው፣ «ሰንበትን የሻረ እጅ የዚህን ኮሌጅ ዲግሪ አይጨብጥም!» አሉ። ዲንዊዲ ከስፕራውል ጋር፣ ወጣቱ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ከማክሊን ጋር ሆኑ።

እህት ዓለም፣ የዚያን ጊዜ «ጉባኤው ወስኗል» ብዬ ጻፍኩልሽ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ከበስተኋላው ነበር። ድምፁ ሁለት ለሁለት ነበር። የጉባኤው መሪ ሆኜ ድምፅ የምሰጠው ሁለቱ ወገን እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ልጅሽን ያባረርኩት እኔ ነኝ።

የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ የማክሊንን አንድ ወር እሰጠው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ለሌሎች ሰጥቻለሁ። የእህቴ ልጅ ስለሆነ፣ ለዘመዱ አዳላ እንዳልባል፣ ለማንም ያልነፈግኩትን ለእሱ ነፈግኩት። ሰዎች ቆራጥ መሪ ብለው ጨበጡኝ። ማክሊን ብቻ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

በኦክቶበር፣ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ የሲኖዶሱ መርማሪዎች የቃለ ጉባኤ መዝገባችንን ተመልክተው ሲመልሱ አንዲት ነቀፋ ጻፉበት፦ የማርች 18ቱ ጉባኤ በጸሎት ስለመዘጋቱ አልተመዘገበም። ዲንዊዲ ተቆጡ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስጽፍ አንድ ነጥብ ወድቆብኝ አያውቅም! ያልተጸለየ ጸሎት ከየት አምጥቼ ልጻፍ?» አሉ። እኔም መዝገቡን ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ፕሮፌሰር ስፕራውል ኮሌታቸውን እንኳ ሳይቆልፉ ቢሮዬ ገቡ። የዚያን ቀን ቁርስ ላይ በቂጣቸው ላይ ያለፈውን ዓመት የዛፍ ሽሮፕ እያፈሰሱ፣ «ሰንበትን አክብረን ያገኘነው ነውና ጣዕሙ ልዩ ነው» ብለው ያመሰግኑ ኖሯል። ሚስታቸው ወይዘሮ ታቢታ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ጌድዮን፣ አፍህን ጥረግና ስማኝ። የምትበላው የሰንበት ነው» አሏቸው። ከዚያም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አሳዩአቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ እሳቱን ሊያጠፉ ሲጣደፉ የፈላው ክንዳቸው ላይ ተገለበጠ። ሲነጋ አቤኔዘር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሻገር ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ ሴትዮዋ በግማሽ የፈላው እንዳይበላሽባቸው እሳቱን እንደገና አንድደው በአንድ እጃቸው ከምጣዱ ጋር ሲታገሉ አገኛቸው። ክንዳቸውን በመሐረቡ አሥሮ ወደ ቤት ላካቸውና እስኪመሽ ሲቀቅል ዋለ። «ለጌድዮን እንዳትነግርብኝ፤ ጎረቤታችንን እንኳ ከማዕድ ያሳገደ ሰው ነው» ብለው ለመኑት፤ ቃል ገባላቸው። ሲባረር ወይዘሮ ታቢታ ሊናገሩ ተነሥተው ነበር። ልጅሽ ግን ሻንጣውን እንደያዘ በራቸው ድረስ ሄዶ፣ «እኔ ሌላ ኮሌጅ አላጣም፤ እርስዎ ሌላ ጌድዮን ከየት ያመጣሉ?» ብሎ አስቋቸው ሄደ። ሌላ ኮሌጅ እንደማይቀበለው አልነገራቸውም።

ፕሮፌሰር ስፕራውል ይህን ሁሉ ቆመው ተናገሩ፤ ሲጨርሱም፣ «የዚያን ሽሮፕ አንድ ማሰሮ ለእርስዎም ልኬ ነበር» አሉ።

«ጨርሼዋለሁ» አልኳቸው።

«ልጁን ይመልሱት ክቡር ፕሬዚዳንት።»

የተሰናበተ እንደማይመለስ አስታወስኳቸው። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ያሸነፈው ወገን አባል የነበረ ሰው ጥያቄ አቅርቦ ድምፁን እንደገና ማስቆጠር። «ያም በዚያው ጉባኤ ውስጥ ነው መሆን ያለበት፤ ያ ጉባኤ ደግሞ ካለፈ ዓመት ሆነው» አልኩ። ስፕራውል ወንበር ሳይፈልጉ በእንጨት ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። በማዕዘኑ ጠረጴዛቸው ላይ ሲጽፉ የነበሩት ዲንዊዲ ቀና ብለው፣ «አለፈ? ማን ዘግቶት ነው የሚያልፈው?» አሉና መዝገቡን ለማውረድ መሰላል ላይ ወጡ። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው መሰላል ሲወጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አምስታችን ተሰበሰብን፤ ዲንዊዲ «ጉባኤው ቀጠለ» ብለው ጻፉ። ማክሊን፣ «ዓመት ሙሉ አስቀምጣችሁን ምሳ እንኳ አላቀረባችሁልንም» ብለው ቀለዱ። ወይዘሮ ታቢታ ራሳቸው ፈቅደው መጥተው በሩ አጠገብ ሹራባቸውን እየሠሩ ተቀመጡ። ስፕራውል የሚስታቸውን ስም ጠርተው፣ የራሳቸውንም ጥፋት ጨምረው፣ ድምፁ እንደገና እንዲቆጠር ጠየቁ። አራት ለምንም ሆነ። እኩል ስላልሆነ የእኔን ድምፅ የጠየቀ አልነበረም፤ ልሰጠው ምን ያህል እንደተመኘሁ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብቻ ያለፈው ዓመት ድምፄ በስሜ እንዲመዘገብ አዘዝኩ። ዲንዊዲ፣ «ደንቡ እኮ አያስገድድዎትም» አሉኝ። «ስለማያስገድደኝ ነው» አልኳቸው።

የመዝጊያውን ጸሎት ለስፕራውል ሰጠሁ። ተማሪዎቹ እሳቸው ሲጸልዩ አንድ የላቲን ግሥ ከነርባታው ይጠናል ይላሉ። የዚያን ቀን ግን፣ «ጌታ ሆይ፣ ታግሠኸናል። አሜን» ብለው ተቀመጡ።

ሌሎቹ ሲወጡ ዲንዊዲ መዝገቡን ታቅፈው ቀሩ። «ከዚያ ዓርብ ወዲህ ዐሥራ አራት ጊዜ ሰብስበውናል። አንዱንም መደበኛ ጉባኤ አላሉትም፤ ሁሉም ልዩ ጉባኤ ነው የተባለው። አንዱ መደበኛ ቢሆን ኖሮ ያኛው በራሱ ይዘጋ ነበር» አሉኝ።

«ዓመቱ ልዩ ነበር» አልኩ።

«ስለ ምድጃው ጭስ ማውጫ የተነጋገርንበትን እንኳ በጸሎት ነው የዘጉት።»

«ጭስ ማውጫው ጸሎት ያስፈልገው ነበር።»

መዝገቡን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ «ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው የለኝም» ብለው ወጡ። አንቺ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ታውቂኛለሽ፤ ምን ምን እንደምረሳና ምን እንደማልረሳም ታውቂያለሽ። ከዚህ በላይ በጽሑፍ አልጨምርም።

ትናንት ሰኞ የአቤኔዘር ስም ከዓመት በኋላ ተጠራ። «ቀርቷል» አሉ ዲንዊዲ፤ ደንቡ ስለሚያዛቸውም ምክንያቱን ጠየቁ። ከመድረኩ ተነሥቼ፣ «ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ብለው ይጻፉልኝ» አልኩ። ከኋላ ወንበር ማን እንደሆነ ያላየሁት ተማሪ በእግሩ ወለሉን መታ፤ ከዚያ ሁሉም መቱ። ሥርዓት ማስከበር ነበረብኝ፤ አላስከበርኩም።

እንግዲህ ቦታው ክፍት ነው። ኤፕሪል ውስጥ ከደረሰ በጁን ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጋር ዲግሪውን ይይዛል። እንዲመጣ ግን በደብዳቤ አላዘውም፤ በዚህ እጄ ጽፌ ልኬዋለሁና በዚህ እጄ ጽፌ አልጠራውም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ሳይዘጋ ከኮሌጁ ወጥቼ አላውቅም፤ አሁን ግን ወንበሩን ለማክሊን ሰጥቻለሁ። ሐሙስ በባቡር እነሣለሁ፤ ሰንበትን ዳቨንፖርት ውዬ ሰኞ እናንተ ጣቢያ እወርዳለሁ። ይህ ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ዓርብ ይደርስሻል፤ ስለዚህ ሁለታችሁ የምትመክሩበት ጊዜ አላችሁ። ከጣቢያው የሚቀበለኝ ሠረገላ ካየሁ እሳፈራለሁ። ካላየሁም መንገዱ ስድስት ማይል መሆኑን አውቃለሁ፤ ጉልበቴ እንዳሻው ያጉረምርም፣ በእግሬ እመጣለሁ። ልጁ ላናግርህ አልፈልግም ቢል ያለውን ሁሉ በደጅ ቆሜ እሰማለሁ፤ ይቅርታዬንም በደጅ ቆሜ እጠይቃለሁ።

የአባቶቻችን አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ደረትሽን ያሽርልሽ፣ ለልጅሽም እኔ የነፈግኩትን ፍርድ ራሱ ይፍረድለት።

እስከ ሰኞ በጸጋው ይጠብቅሽ፤

በደጅሽ ሊቆም የሚመጣው ወንድምሽ